የደበቅኩት ቅቤ

ባለፈው መጋቢት አንዲትን ቃል በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አበላሸኋት። የመጀመሪያው የችኮላ ስሕተት ነው፤ በአስተርጓሚነት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፣ ይቅርም ይለኛል። ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው ያደረግኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ሲነሣኝ የማመላልሰው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

የምኖረው ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ ሲሆን መተዳደሪያዬ አማርኛና ፈረንሳይኛ ማስተርጎም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው በሆስፒታልና በመንግሥት ቢሮዎች ነው፤ በሰው ሕመምና በሰው ፋይል መካከል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት የሆቴል ባለሙያዎችን ይዤ ኮኛክ የሚባለው መጠጥ ከወይን ወደሚወጣበት ወደ ኮኛክ አካባቢ እንድሄድ ስጠየቅ ሥራ ሳይሆን ዕረፍት መስሎኝ ነበር። አንደኛው የመጠጥ ክፍል ኃላፊ የሆነ ትጉህ ወጣት ነው፤ ደብተሩ ከእጁ አይለይም። ሁለተኛዋ የግዢ ኃላፊ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ የሚገኙ፣ ሰላሌ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። ስማቸውን እዚህ መጥራት አልፈልግም፤ እትዬ እያልኩ ልቀጥል፣ በመንገዱ ሁሉ የጠራኋቸውም እንዲሁ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ገና ከመኪናው ሳንወርድ፣ «እኔ አሸታለሁ እንጂ አልቀምስም፤ ሰውየው እንዳይቀየም ቀድመሽ ንገሪልኝ» አሉኝ።

ነገርኩት። ሰውየው፣ መጠጡን ራሱ የሚያወጣ የወይን ገበሬ፣ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ፊቱ በራ። እርሱም ቢሆን በሥራ ቀን ከሚቀምሰው ይልቅ የሚያሸትተው እንደሚበልጥ፣ ስለ አንድ በርሜል ዕጣ የሚወስነውም አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫው እንደሆነ ነገረን። እትዬ ይህን ስተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅቤ ሲገዙም ሆነ ቡና ሲገዙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበርና አልገረማቸውም።

ተራና ዳግም

የሄድነው ሰጎንዛክ ከምትባል ትንሽ ከተማ ዳር ወዳለ የገበሬ ቤት ነው። ኮኛክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ትልልቆቹን ድርጅቶች፣ ሄነሲን፣ ማርቴልንና ሬሚ ማርቲንን ነው፤ ከእነዚህ ስሞች ጀርባ ግን በሺህ የሚቆጠሩ የወይን ገበሬዎች አሉ፣ አንዳንዶቹም መጠጡን ራሳቸው ያወጣሉ። አካባቢው ግራንድ ሻምፓኝ ይባላል። ከሚያረፋው ሻምፓኝ ጋር የሚጋራው ሜዳ የሚል ትርጉም ያለውን ጥንታዊ ስም ነው እንጂ መጠጡ ሌላ ነው። አፈሩ ኖራ የበዛበት ነጭ ነው። በዚያ ነጭ መሬት ላይ የቆመው ቤት ደግሞ ግድግዳውም ጣሪያውም ጥቁር። ወጣቱ ቀስ ብሎ፣ «እሳት ተነሥቶባቸው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

እሳት አልነበረም። ከበርሜሎቹ በሚተነው አልኮል የምትኖር ባውዶይኒያ የምትባል ጥቁር ፈንገስ ናት። በየዓመቱ ከመጠጡ 2 በመቶ ገደማ በእንጨቱ ቀዳዳ አልፎ ወደ አየር ይሄዳል። ፈረንሳዮች ይህን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። መላእክቱ ከተዉት ላይ ደግሞ ፈንገሷ ትበላለች፤ ጥቁር ጣሪያ ያለበት ቤት ሁሉ ውስጡ የሚጠብቅ ነገር እንዳለው በሩቁ ይታወቃል።

አላምቢክ የሚሉት የመዳብ ማውጫ ገና ትኩስ ነበር። በሕጉ መሠረት የዓመቱ ወይን ወጥቶ ማለቅ ያለበት በእነርሱ ማርች 31፣ በእኛ መጋቢት 22 ነው፤ የደረስነው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነበር። ወደ ድስቱ የሚገባው ወይን ቀጭንና ኮምጣጣ፣ አልኮሉም ከ9 እስከ 10 በመቶ ገደማ የሆነ ነው። ዛሬ የአካባቢው ተክል ከሞላ ጎደል ሁሉ ኡኚ ብላን የሚባለው ዘር ሲሆን፣ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ፊሎክሴራ የተባለችው ተባይ የአገሩን ወይን ከሥሩ ከማድረቋ በፊት ግን ፎል ብላንሽ የሚባለው ዘር በብዛት ይተከል ነበር። ያንን ወይን ቢጠጡት ፊት ያስቋጥራል። ግን ድኝ ስለማይጨመርበት፣ እስኪወጣ ድረስ ሳይበላሽ የሚያቆየው ይኸው ኮምጣጣነቱ ነው።

ሁለት ጊዜ ያወጡታል። ከመጀመሪያው 30 በመቶ አካባቢ የሆነ ደብዛዛ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ያንኑ መልሰው ይጥዱታል። በሁለተኛው ጊዜ መጀመሪያ የሚወርደውንና መጨረሻ የሚወርደውን ለይተው መሐሉን፣ «ልብ» የሚሉትን፣ 70 በመቶ ገደማ የሆነውን ብቻ ያስቀራሉ። 9 ሊትር ያህል ወይን ገብቶ የሚተርፈው 1 ሊትር ነው። ሰውየው የየደረጃውን ስም በፈረንሳይኛ ሲደረድር እኔ አፌን ከፍቼ ቃል እፈልግ ነበር። እትዬ ቀደሙኝ፤ «ልጄ፣ ተራና ዳግም በይንና ይግባን።»

እውነታቸውን ነው። በሸክላ ጋንና በመቃ አረቄ የሚያወጡት የአገራችን ሴቶች ቃሉን አዘጋጅተው አስቀምጠውልኛል፤ አንድ ጊዜ የወጣው ተራ፣ ተመልሶ የወጣው ዳግም። ከዚያ በኋላ ትርጉሙ እንደ ውኃ ፈሰሰልኝ። ድፍድፍ፣ አተላ፣ መቃ፣ ዳግም፤ ሰውየው የሚያሳየን ዕቃ ሁሉ የአማርኛ ስም የነበረው መሰለኝ። እንዲያውም እትዬ ያስጠየቁኝ ጥያቄ ሰውየውን ቆም አድርጎ አሳሰበው። ወይኑ ወደ ድስቱ የሚገባው ከነእርሾ ዝቃጩ መሆኑን አይተው፣ «አተላውን ለምን አይደፉትም?» አሉ። አንዳንድ ቤቶች ይደፉታል፣ አንዳንዶቹ አብረው ይጥዱታል። የእርሱ ቤተሰብ ከሁለተኞቹ ነው። መልሱ አጭር ነበር፤ «ለምን እንደማንደፋው በኋላ፣ በአባቴ በርሜል ውስጥ ታገኙታላችሁ።»

የአባቱ በርሜል

ወደ ጓዳው ስንገባ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። እርጥበቱ ሆን ተብሎ የተጠበቀ ነው፤ በደረቅ ጓዳ ውስጥ ውኃው ቀድሞ ይተንና መጠጡ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ በእርጥብ ጓዳ ግን አልኮሉ ቀስ እያለ ይወጣና ይለሰልሳል። በርሜሎቹ ከሊሙዛንና ከትሮንሴ ደን በመጣ፣ ኦክ በሚባል ዛፍ እንጨት የተሠሩ ናቸው። ጠራቢዎቹ ሳንቃውን ሲያጎብጡ ውስጡን በእሳት ይጠብሱታል፤ የቫኒላና የተጠበሰ ዳቦ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከማውጫው ሲወርድ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራው መጠጥ ቀለም የሚያገኘውም ከእንጨቱ ነው።

ሰውየው አፉ ጠበብ ያለ፣ የአበባ ቅርጽ ያለው ትንሽ ብርጭቆ ሰጠን። በፊልም የምናየውን ሆዱ የተነፋ ትልቅ ብርጭቆ አይወደውም፤ አልኮሉ አፍንጫን ይመታል፣ ሌላውን ሽታ ይሸፍናል አለን። መጀመሪያ ብርጭቆውን ደረታችን አጠገብ፣ ቀጥሎ አገጫችን ሥር፣ በመጨረሻ ወደ አፍንጫችን እንድናመጣ አስተማረን። እንደ ሰው ሰላምታ ነው፤ ከሩቅ እጅ ይነሣሉ፣ ቀረብ ይላሉ፣ ከዚያ ይሳሳማሉ።

የመጀመሪያው የ4 ዓመት ነበር። ለጋ ነው፤ የወይን አበባ ይሸታል፣ ትንሽ እንደ በሰለ ፒር ያለ ነገር አለው፣ ከኋላ የእንጨቱ ምሬት ምላስን ይይዛል። የ12 ዓመቱ ክብ ብሎ መጣ፤ የደረቀ ኮክ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀረፋ፣ ጥቂት ማር። የ25 ዓመቱን ሲቀዳልን ወጣቱ መጻፍ ትቶ ዝም አለ። ቆዳ፣ የትምባሆ ቅጠል፣ ዘቢብ፤ ሽታዎቹ ተራቸውን እየጠበቁ አንድ በአንድ ይመጡ ነበር። ይህን ሁሉ ያለ ችግር ተረጎምኩ። ቀረፋ ቀረፋ ነው፣ ዘቢብም ዘቢብ።

በመጨረሻ ሰውየው ጥግ ላይ ካለች ትንሽ በርሜል፣ አባቱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካወጣው፣ በረጅም የመስታወት መቅጃ ስቦ ለየብርጭቋችን አንዳንድ ጉንጭ ሰጠን። 70 ብሎ የጀመረው አልኮል ውኃ ሳይጨመርበት በራሱ ጊዜ ወርዶ 46 ደርሷል። ሰውየው አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ራንሲዮ።»

ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የማውቀው ታናሽ ወንድሙን፣ «ራንስ» የሚለውን ነው። ራንስ በዕለት ተዕለት ፈረንሳይኛ የተበላሸ ቅባት ነው፤ ጠረኑ የተለወጠ ዘይት፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ የከረመ ቅቤ። ሁለቱ እንግዶች ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ትንሽ ልጠብቅ፣ ምን ማለትዎ ነው ብዬ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኩም። «የሻገተ ሽታ አለው እያሉ ነው» አልኳቸው።

ወጣቱ ብርጭቆውን ወዲያው በርሜሉ ላይ አስቀመጠው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሌላ ሰው አባት የሃምሳ ዓመት ሥራ ነበር።

እትዬ አላስቀመጡትም። ብርጭቆውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ አገጫቸው ሥር አመጡ፣ ከዚያ አፍንጫቸውን አስገብተው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። አንድ ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ከነበረ ጾም በኋላ የሰው አፍንጫ ምን ያህል ንጹሕ እንደሚሆን የጾመ ያውቀዋል። ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይህ ሻጋታ አይደለም። በሳል ቅቤ ነው። የእናቴ ጓዳ ነው የሸተተኝ።»

ብርጭቆዬን አነሣሁ። ውስጡ የነበረው እርሱው ነበር። ዋልነት ከሚባለው ፍሬ፣ ከእንጉዳዩ፣ ከአሮጌው መጽሐፍ ሽታ ሁሉ ሥር፣ ከባድ፣ ሞቅ ያለ፣ ምላስ ላይ ሳይደርስ ጉሮሮን የሚቀባ ነገር። ኮረሪማውና ኮሰረቱ እንኳን ያሉበት እስኪመስል ድረስ በሳል ቅቤ። ለሃያ ዓመት ያህል ሸሽቼው የኖርኩት ሽታ ነው።

«ወይዘሮዋ ምን አሉ?» ብሎ ሰውየው ጠየቀኝ።

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። በፈረንሳይኛ «ያረጀ ቅቤ» ብዬ መናገር ነበረብኝ። «ዋልነት ሸተተኝ ነው የሚሉት» አልኩት።

ሰውየው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ ዋልነት። ሁሉም ሰው ዋልነት ይላል» አለና በርሜሉን ከደነ። እትዬ ፈረንሳይኛ አያውቁም፤ ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰጥተውኝ አንዲት አጭር ቃል ሳሳልፍ ሰምተዋል። ምንም አላሉም። አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ።

ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል

ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ለመረዳት ቀናት ወስዶብኛል። ሽታውን ስላላወቅኩት አይደለም፤ በደንብ ስላወቅኩት ነው።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ቅዳሜ ማታ ራሴን ቅቤ ትቀባኝ ነበር። ለጋ ቅቤ ነው፤ ከሸኖ የመጣ፣ ገና ወተት ወተት የሚል። እሑድ ደስ ይለኛል። ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ ግን ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ አንገቴ ድረስ ይወርዳል፣ ሽታውም ይለወጣል። አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ አንድ ቀን ወንበሯን ሳብ አድርጋ፣ «ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ» አለችኝ። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እናቴን ራሴን አላስነካኋትም፤ እርሷም ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም።

ፈረንሳይ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ከአገር ቤት የሚላክልኝን ቅቤ የማቀልጠው በመስኮት አጠገብ ነው፤ ካፖርቴን አስቀድሜ በፕላስቲክ ከረጢት አስሬ መኝታ ቤት እቆልፍበታለሁ። ሥራ ያለኝ ቀን ዋዜማ ቅቤ አላነሣም። ሆስፒታል ውስጥ ከታማሚና ከሐኪም መካከል ቆሜ ሰው አፍንጫውን እንዳይነካ እፈራለሁ። ማንም ነክቶ አያውቅም። ፍርሃቱ ግን የሰው አፍንጫ አይጠብቅም። በዚያ ጓዳ ውስጥ እትዬ ሲናገሩ የሰማሁት የእትዬን ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ወንበሯን የሳበችውን ልጅም ሰማሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሳይወጣ ዋጥኩት።

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ቅቤውን መደበቄ ብቻ አይደለም። ገበያ ሄዶ ቅቤ የገዛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ተሰውሮብኝ ነበር። ነጋዴዋ «የትኛውን ልስጥሽ?» ስትል ሦስት ቃል አላት፤ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል። በሳል ማለት የተበላሸ ማለት አይደለም። ለጋ ለፀጉር ነው፣ ለቂንጬም ይሆናል፤ በሳል ግን ለዶሮ ወጥ፣ ከብዙ በርበሬና ከብዙ ሽንኩርት ጋር ተጋፍጦ ስሙን ለማያጣበት ድስት ነው። እናቴ ሁለቱን በተለያየ ዕቃ ታስቀምጣቸው ነበር እንጂ አንዱን ከሌላው አታሳንስም።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ቋንቋው ነው። በሳል ሰው እንላለን፤ በሳል አመራር፣ በሳል ንግግር። ለጋ ወጣትም እንላለን። አማርኛ ለሰውም ለቅቤም አንድ መስፈሪያ አበጅቷል፣ በዚያም አያፍርም። ፈረንሳይኛ ግን እዚህ ላይ ተቸግሯል። «ራንስ» ስድብ ስለሆነበት፣ ያንኑ ነገር ለማወደስ ሲፈልግ ከፒሬኔ ተራሮች ማዶ «ራንሲዮ» የሚለውን የአይቤሪያ ቃል ተዋሰ። ሁለቱም የወጡት ከአንድ የላቲን ሥር ነው። አንዱ ኩሽና ውስጥ ይጣላል፣ ሌላው ጓዳ ውስጥ ይሳማል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም የሚይዝ ቃል በአፌ ይዤ፣ የመጀመሪያውን ጊዜ ሻጋታ አልኩ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ዋልነት።

ስቡ

ከዚያ ጉዞ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሰውየው «በአባቴ በርሜል ውስጥ ታገኙታላችሁ» ያለው አተላ ጉዳይም ገባኝ። ወይኑ ከነእርሾ ዝቃጩ ሲጣድ ከእርሾው ሕዋስ የሚወጡ የስብ አሲዶችና ዘመዶቻቸው አብረው ይመጣሉ። ለጋ ሳለ አይታወቁም፤ የፍራፍሬው ሽታ ይሸፍናቸዋል። በርሜሉ ውስጥ ግን በእንጨቱ በኩል ጥቂት በጥቂት የሚገባ አየር ለዐሥርተ ዓመታት ሲነካካቸው ይለወጡና ኬቶን የሚባሉ ውህዶች ይሆናሉ። ሮክፎር የሚባለውን የፈረንሳይ አይብ ያንን የሚወጋ ሽታ የሚሰጡት እነዚሁ ናቸው። ቅቤ ሲከርምና ሲነጠር ከሚወጡት ሽታዎች መካከልም ይገኙበታል። እትዬ የተናገሩት ትዝታ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ አፍንጫቸው ትክክለኛውን ነገር ነው ያገኘው።

ስለዚህ እነዚያ «ዋልነት፣ እንጉዳይ፣ የደን አፈር፣ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት» የሚሉት የቅምሻ መግለጫዎች ትንሽ ጨዋነት ያበዛሉ ብዬ አምናለሁ። ሐሰት አይደሉም፤ ሁሉም አሉበት። ግን ዳር ዳሩን ይዞሩታል እንጂ መሐሉ ላይ ያለውን ስብ አይጠሩትም። ያረጀ ኮኛክን ያረጀ ኮኛክ የሚያደርገው ያ ስብ ነው። ከተዋጠ በኋላ ደቂቃዎች ምላስ ላይ የሚቆየው፣ 46 በመቶ አልኮል መሆኑን የሚያስረሳው፣ ወጥ ውስጥ በርበሬውን የሚያቅፈው ዓይነት ነገር። በደቡብ ያለው ጎረቤቱ አርማኛክ፣ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚወጣ፣ ለጋነቱ ሻካራና ግልጽ ነው፤ ፕለም ፕለም ይላል፣ ደስም ይላል። እርሱም ሲያረጅ ራንሲዮ አለው። ለእኔ ግን ከዚያ የኖራ መሬት የወጣው ይበልጥብኛል፤ ቀስ ብሎ ስለሚበስል ይሆናል።

ሕጉ የሚቆጥረው ዓመት ነው። ጠርሙሱ ላይ ቪኤስ የሚል ምልክት ካለ ከተደባለቁት ሁሉ ታናሹ ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል፤ ቪኤስኦፒ 4 ዓመት፤ ኤክስኦ ደግሞ ቀድሞ 6 የነበረው ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ 10 ዓመት ሆኗል። ራንሲዮ ግን ምልክት የለውም። በአንዱ በርሜል ከ10 ዓመት በኋላ ጭላንጭሉ ይታያል፣ በሌላው 20 ዓመት አልፎ ገና ይጠበቃል። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ይሉ የለ? ባለ ጓዳው በየጊዜው ከማሽተት በቀር የሚያደርገው የለም። እጅግ ሲያረጅና እንጨቱ ማምረር ሲጀምር ደግሞ ዳም-ዣን ወደሚባል ትልቅ የመስታወት ዕቃ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜው አይጨምርም። እነዚህ ዕቃዎች የሚቀመጡበትን የጓዳውን ጥግ «ገነት» ይሉታል። መስታወት ውስጥ መቶ ዓመት ቢቆይም ሲገባ የነበረውን ያህል ነው የበሰለው።

በምን ዕቃ?

ከፋሲካ በኋላ ለሰውየው ደወልኩለት። ስልኩን ከማንሣቴ በፊት የምለውን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ በሌላ ሰው ንግግር መሐል ለዓመታት ቆሜያለሁ፣ የራሴን ለመናገር ግን ወረቀት አስፈለገኝ። ወይዘሮዋ ዋልነት እንዳላሉ፣ ያሉት በአገራችን ሆን ተብሎ የሚከርም ቅቤ እንደሆነ፣ የእናታቸውን ጓዳ እንዳስታወሳቸው፣ ያሳለፍኩት ትርጉም ሐሰት እንደነበረ ነገርኩት። ለምን እንዳደረግኩትም ነገርኩት።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ የጠየቀኝ ስለ ሐሰቱ አልነበረም። «ስንት ጊዜ ያቆዩታል?» አለኝ። «በምን ዕቃ? እንጨት ነው ሸክላ? መብሰሉን የሚወስነው ማን ነው?»

አላወቅኩም። ሃያ ዓመት ከሽታው ስሸሽ ዕቃውን እንኳን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ጠይቄ እነግርዎታለሁ ብዬ ዘጋሁ። መጀመሪያ ለእትዬ ደወልኩ፤ እንኳን አደረሰዎት ካልኩ በኋላ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። «አውቄዋለሁ ልጄ» አሉኝ። «ያንን ሁሉ ሰጥቼሽ አንዲት ፍሬ ስታቀብዪው አይቼሻለሁ። አሁን ከነገርሽው ደግ አደረግሽ።» ስለ ዕቃው ግን፣ «የእኔን ከምትጠይቂ የራስሽን እናት ጠይቂ» አሉኝ።

ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ቅቤ ጠይቄያት ስለማላውቅ መጀመሪያ ታመምሽ ወይ አለችኝ። ከዚያ ግን አንዴ ከጀመረች አላቆመችም። ቅሉ አስቀድሞ ይታጠባል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በወይራ ፍልጥ ጢስ ይታጠናል፤ በወይራ ካልታጠነ ለጋውም በሳሉም ሽታው ይከፋል። የሚነጠረው በሸክላ ድስት ነው። መብሰሉን የሚወስን የለም፣ ክዳኑን ከፍታ ታሸትተዋለች፣ ካልደረሰ መልሳ ትከድነዋለች። እየጻፍኩ ነበር፤ ሰውየው የጠየቀኝን አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ።

«ለመሆኑ ምን ሆነሽ ነው የጠየቅሽኝ?» አለችኝ በመጨረሻ።

ስለ ጓዳው ነገርኳት። ስለ ጥቁሩ ጣሪያ፣ ስለ አተላው፣ አባቱ ካወጣው ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ስለጠበቀው በርሜል፣ ሽታው በሳል ቅቤ ስለመሆኑ። መጠጥ አትወድም፤ ግን በጸጥታ ሰማችኝ።

«የእነርሱስ ዕቃ በምን ይታጠናል?» አለችኝ።

«አይታጠንም እማዬ። በእሳት ይጠበሳል። የበርሜሉን እንጨት እያጎበጡ ውስጡን በዚያው በራሱ ዛፍ እሳት ይጠብሱታል።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያ ያውቁበታል» አለችኝ።